ቢሮ ሲታደስ፦ ከቀለሙና ከወንበሩ በፊት ምን ይቅደም?

ቢሮ ይታደሳል ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚሮጠው ዓይን ወደሚያየው ነገር ነው። አዲስ ቀለም፣ አዲስ ወንበር፣ በመስታወት የተከለለ የስብሰባ ክፍል፣ ጥግ ላይ የቆመ ለምለም ተክል። ፎቶው ያምራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ግማሹ ሠራተኛ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። መስኮት ዳር ያለው መጋረጃውን ዘግቷል። ኤሲው ሥር የተቀመጠችው ጃኬት ደርባለች። አሥር ሰው የሚይዘው የስብሰባ ክፍል ደግሞ ስልክ በሚያወራ አንድ ሰው ተይዟል።

ነገሩ የዲዛይነር ድክመት ብቻ አይደለም። ቢሮን የሚያመች ወይም የማያመች የሚያደርጉት ነገሮች አብዛኞቹ ፎቶ አይነሡም። ድምፅ አይታይም። አየርም እንዲሁ። ሙቀትና ቅዝቃዜም። «ይህን ቦታ እንደሚመቸኝ አድርጌ ማስተካከል እችላለሁ» የሚለው ስሜትም ካሜራ ውስጥ አይገባም። የሠራተኛውን ውሎ በዋናነት የሚወስኑት ግን እነዚህ የማይታዩት ናቸው።

ወደ እነሱ ከመግባታችን በፊት አሁን የምናውቀው ቢሮ እንዴት እዚህ እንደደረሰ አጠር አድርገን እንይ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ክፍት ቢሮ የማን ሐሳብ ነው?

ክፍት ቢሮ የሚባለው ሠራተኞች በግድግዳ ሳይለያዩ በአንድ ሰፊ ወለል ላይ አብረው የሚሠሩበት ቦታ ነው። የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ያመጡት ፋሽን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዕድሜው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ነው። በአሜሪካዋ ቡፋሎ ከተማ በ1906 የተጠናቀቀውን የላርኪን ሕንፃ እንውሰድ። አርክቴክቱ ፍራንክ ሎይድ ራይት ነበር። ሳሙና በፖስታ ትእዛዝ የሚሸጥ ድርጅት ቢሮ ነበር። ጸሐፊዎቹ ብርሃን ከላይ በሚወርድበት ረጅም አዳራሽ ውስጥ በረድፍ ተደርድረው ይሠሩ ነበር። በዚያ ዘመን ፍሬድሪክ ቴይለር ያስፋፋው የሥራ አመራር ትምህርት ገኖ ነበር። የቢሮ ሥራም እንደ ፋብሪካ ሥራ ይቆጠር፣ ይለካ፣ ይጠበቅ የሚል ነው። ረድፉ ለአለቃው ዓይን ይመቻል። ለሠራተኛው ይመች አይመች የሚለው ግን በዚህ ትምህርት ብዙም አይነሣም ነበር።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ ኤበርሃርድና ቮልፍጋንግ ሽኔለ የተባሉ ወንድማማቾች ረድፉን በተኑት። ጠረጴዛዎቹን ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ እያዩ እዚህም እዚያም አስቀመጡ። በመሃል ተክልና ዝቅ ያለ ከለላ አቆሙ። አለቃና ምንዝር አንድ ወለል ላይ ተቀመጡ።

ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ትንሽ ያሳዝናል። ሮበርት ፕሮፕስት የሚባል አሜሪካዊ ፈልሳፊ ለሄርማን ሚለር የቤት ዕቃ ድርጅት ይሠራ ነበር። ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ተገትሮ መዋል የለበትም፤ አንዳንዴ ይቁም፣ አንዳንዴ ይቀመጥ፣ ሲፈልግ ከለላ ያግኝ ብሎ ያስብ ነበር። በ1968 ተንቀሳቃሽ ፓነሎች ያሉት የቢሮ ዕቃ ለገበያ ቀረበ። ፓነሎቹ ሰፋ ባለ ማዕዘን፣ በ120 ዲግሪ እንዲገጠሙ ነበር የታሰበው። ገዢዎቹ ድርጅቶች ግን በ90 ዲግሪ ሲገጥሟቸው ብዙ ሰው እንደሚያስገቡላቸው ወዲያው ገባቸው። ኪዩቢክል የሚባለው ጠባብ ሳጥን የተወለደው እንዲህ ነው። ፕሮፕስት በኋላ ሐሳቡ የደረሰበትን ሲያይ አምርሮ ወቅሷል።

ከዚያ ደግሞ ከለላዎቹም ወረዱ፤ ረጃጅም የጋራ ጠረጴዛ መጣ። ምክንያቱ ሲነገር «ትብብር» ይባላል። ሳይነገር የሚታለፈው የካሬ ሜትር ዋጋ ነው።

ግድግዳው ሲፈርስ ሰው በእርግጥ ይቀራረባል?

ይህን ኢታን በርንስታይንና ስቲቨን ተርባን የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ለክተውታል። ጥናታቸው የታተመው በ2018 ነው። ሁለት ትልልቅ ድርጅቶች ወደ ክፍት ቢሮ ሲሸጋገሩ ከለውጡ በፊትም በኋላም ሠራተኞቹ ላይ መሣሪያ ተደረገ። መሣሪያው ማን ከማን ጋር ፊት ለፊት እንደተነጋገረ ይመዘግባል። ውጤቱ ከተጠበቀው ተቃራኒ ሆነ። የፊት ለፊት ንግግር 70 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ኢሜይልና የጽሑፍ መልእክት ደግሞ ጨመረ።

ለምን? ሰው ሁሉ የሚሰማው ቦታ ላይ ማውራት ይከብዳል። ጎረቤትን መረበሽም ያሳፍራል። ስለዚህ ሁለት ሜትር ርቆ ለተቀመጠው ባልደረባ ኢሜይል ይላክለታል። ግድግዳው ፈረሰ፤ ሰው ግን በማዳመጫና በስክሪን የራሱን ግድግዳ መልሶ ሠራ። አልሸሹም ዞር አሉ።

ይህ ማለት ግን መቀራረብ አይጠቅምም ማለት አይደለም። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቶማስ አለን በ1970ዎቹ መሐንዲሶች ምን ያህል እንደሚነጋገሩ ከርቀታቸው ጋር አያይዘው አጥንተዋል። ርቀቱ ሲጨምር ንግግሩ በፍጥነት ይወርዳል። ወደ 50 ሜትር ሲደርስ ሰዎቹ በተለያየ ከተማ ቢሆኑም ብዙ ለውጥ አይኖረውም።

ሁለቱ ጥናቶች የሚጋጩ ይመስላሉ። አይጋጩም። የአለን ጥናት የሚናገረው ስለ ርቀት ነው። የሃርቫርዱ የሚናገረው ስለ መጋለጥ ነው። ሰው የሥራ ባልደረባው ቅርብ ሲሆንለት ይወዳል፤ ቀኑን ሙሉ ሲታይና ሲሰማ መዋል ግን አይፈልግም። ጥሩ ቢሮ ሁለቱን ለይቶ ያስተናግዳል። ሰዎች የሚገናኙባቸው መንገዶች ይኖሩታል፤ ከሰው ዓይንና ጆሮ የሚሸሹባቸው ቦታዎችም ይኖሩታል።

መንገድ ስንል በቁሙ ነው። በ2000 የተከፈተው የአኒሜሽን ፊልም ሠሪው የፒክሳር ድርጅት ዋና ሕንፃ ሲሠራ ስቲቭ ጆብስ መሃል ላይ ትልቅ አዳራሽ እንዲኖር አደረገ። ካፌው፣ የፖስታ ሳጥኖቹና የስብሰባ ክፍሎቹ ሰውን ወደዚያ እንዲስቡ ታሰበ። ጆብስ መጸዳጃ ቤቶቹም እዚያ ብቻ ይሁኑ እስከማለት ደርሶ ነበር። ሠራተኞች ሲያጉረመርሙ ሐሳቡ ለዘብ ተደረገ። ትክክል ነበሩ፤ ለመጸዳጃ ረጅም መንገድ ማስኬድ ትብብር ሳይሆን ቅጣት ነው። ዋናው ሐሳብ ግን ይሠራል። የጋራ የሆነውን ነገር፣ ማተሚያውን፣ የቡና ማሽኑን፣ ደረጃውን የምታስቀምጡበት ቦታ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ይወስናል።

ከማሽን ጩኸት ይልቅ የሰው ወሬ ለምን ያውከናል?

በክፍት ቢሮ ላይ የሚነሣው ቅሬታ ሲደረደር ድምፅ ከላይኞቹ አይጠፋም። ችግሩ ግን ከፍ ያለ ጩኸት አይደለም። ቬንትሌተር ቀኑን ሙሉ እያጉረመረመ ሰው ሥራውን ይሠራል። ከኋላው አንድ ሰው በለሆሳስ ስለ ዘመዱ ሠርግ ሲያወራ ግን ያው ሰው አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ያነበዋል። አእምሯችን ቋንቋን ችላ ማለት አይሆንለትም። ቃሉ እስከተለየ ድረስ ሳንወድ ትርጉሙን እንከተላለን። ዓይን ቆብ አለው። ጆሮ መዝጊያ የለውም።

ከሁሉ የሚብሰው የስልክ ወሬ ነው። የምንሰማው የአንዱን ወገን ብቻ ነው፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ መገመት አይቻልም፤ አእምሮ የጎደለውን ለመሙላት ይታገላል። በ2010 የታተመ ሙከራ ይህንኑ አሳይቷል። ሰዎች የሁለት ተነጋጋሪዎችን ሙሉ ውይይት ከሰሙበት ጊዜ ይልቅ ግማሹን ብቻ ሲሰሙ ትኩረታቸው ይበልጥ ተበትኗል።

ስለዚህ የድምፅ ዲዛይን ግቡ ፍጹም ጸጥታ አይደለም። እንዲያውም በጣም ጸጥ ባለ ቢሮ ውስጥ እያንዳንዱ ሹክሹክታ ጎልቶ ይሰማል። ግቡ ከሩቅ የሚመጣ ንግግር ቃሉ እንዳይለይ ማድረግ ነው። ባለሙያዎች ለዚህ ሦስት መሣሪያ አላቸው፤ መምጠጥ፣ መከለልና መሸፈን።

መምጠጥ ማለት ድምፅ መትቶ እንዳይመለስ ለስላሳና ቀዳዳማ ነገር ማስቀመጥ ነው። መስታወት፣ ሲሚንቶና ሴራሚክ ድምፅን መልሰው ይወረውራሉ። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃና ለዚሁ የተሠራ ኮርኒስ ይውጡታል። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ኮርኒሱ ነው፤ በሰፊ ወለል ላይ ምንም የማይጋርደው ትልቁ ገጽ እሱ ነውና። አሁን ኮርኒስ ነቅሎ ቧንቧና ሲሚንቶ ማሳየት ዘመናዊነት ሆኗል። ያምር ይሆናል። ግን የተነቀለውን የሚተካ ድምፅ የሚመጥ ነገር ካልተሰቀለ ወለሉ ገበያ ይሆናል።

መከለል ላይ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ድምፅ እንደ ውሃ ነው፤ ትንሽ ቀዳዳ ካገኘ ሾልኮ ያልፋል። ብዙ የስብሰባ ክፍሎች ግድግዳቸው የሚያልቀው ኮርኒሱ ጋ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ባዶ ነው። የክፍሉ ምስጢር በዚያ በኩል ወደ ጎረቤት ይወርዳል። ግድግዳው እስከ ላይኛው ጣሪያ ካልደረሰ ወይም የበሩ ሥር ክፍተት ካልተደፈነ ወፍራም መስታወት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የሥራ ደረጃ ዕድገት የሚነገርበት ክፍል እንዲህ ከሆነ ደግሞ ጣጣው ከድምፅ ያልፋል።

ሦስተኛው መሸፈን ነው። ዝቅ ያለ፣ የአየር ሹክሹክታ የሚመስል ድምፅ በድምፅ ማጉያዎች ይለቀቃል። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ 45 ዲሲቤል አካባቢ ነው። በአንድ ሜትር ርቀት የሚደረግ ተራ ንግግር 60 ዲሲቤል ይጠጋል። ስለዚህ አጠገባችሁ ያለውን ትሰሙታላችሁ፤ የሩቁ ወሬ ግን ቃሉ ይደበዝዛል። ድምፅ ጨምሮ ረብሻ መቀነስ ግራ ያጋባል፤ ግን ችግሩ የጩኸት ሳይሆን የቃል መለየት መሆኑን ካስታወስን ነገሩ ግልጽ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ርካሽ መፍትሔ አለ። ቀኑን ሙሉ ስልክ የሚያወራውን ክፍል ቀኑን ሙሉ ቁጥር ከሚደምረው ክፍል ማራቅ። ይህ ካርታ ላይ የሚሠራ ሥራ ነው።

አንዱ ይበርደዋል፣ ሌላው ይሞቀዋል፤ ማን ነው ልክ?

ሁለቱም። የሙቀት ምቾት የሚወሰነው በስድስት ነገሮች ነው። አራቱ የክፍሉ ናቸው፤ የአየሩ ሙቀት፣ በዙሪያችን ያሉ ግድግዳዎችና መስታወቶች የሚረጩት ሙቀት፣ የአየሩ ፍጥነትና እርጥበቱ። ሁለቱ የሰውየው ናቸው፤ የለበሰው ልብስና ሰውነቱ የሚያመነጨው ሙቀት። ይህን ስሌት በ1970 ያቀረበው ዴንማርካዊው ኦሌ ፋንገር ነው። የእሱ ስሌት አንድ የሚያጽናና ነገርም ይዟል። ሁሉም ነገር ፍጹም ቢስተካከል እንኳ ከመቶው 5ቱ እንደማይመቻቸው ያሳያል። የቢሮ ሙቀት የሚቆጣጠር ሰው ይህን ቢያውቅ እፎይ ይላል።

የቆየው ስሌት ግን አንድ ጉድለት አለበት። ሁለት የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በ2015 እንዳሳዩት ሰውነት የሚያመነጨው ሙቀት የተገመተው በአንድ 40 ዓመት ገደማ በሆነው፣ 70 ኪሎ በሚመዝን ወንድ ነው። ለሴቶች ግምቱ እስከ 35 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ማለትም ብዙ ሴቶች «ቢሮው ይበርዳል» ሲሉ ማጋነን አይደለም። ስሌቱ ራሱ ስለ እነሱ አላሰበም።

በእድሳት ጊዜ ምን ይደረግ ታዲያ? አንድ ትልቅ ማሽን ለወለሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ሙቀት እንዲሰጥ ከማድረግ ይልቅ ወለሉን መከፋፈል ይሻላል። ፀሐይ የሚመታው ጎንና ጥላው ጎን አንድ መቆጣጠሪያ ሊጋሩ አይገባም። ፀሐዩን ከመስታወቱ ውጭ መጋረድ ከውስጥ ከመጋረድ በጣም ይለያል፤ ሙቀቱ መስታወቱን አንዴ ካለፈ ውስጥ ቀርቷል። ለየጠረጴዛው ትንሽ ቬንትሌተር፣ የሚከፈት መስኮት፣ ወንበር የመለወጥ ነፃነት፤ እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ግን ሰው ማስተካከል እንደሚችል ሲያውቅ በዚያው ሙቀት ውስጥ ቅሬታው ይቀንሳል።

ከሰዓት በኋላ የሚያፈዝዘን አየሩ ይሆን?

ምሳ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሰው ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ከቤት ውጭ ያለው መጠን ከሚሊዮን 420 ገደማ ነው፤ ባለሙያዎች ፒፒኤም ይሉታል። በር በተዘጋበት ሰው የሞላው የስብሰባ ክፍል ውስጥ ከ1000 ማለፍ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ቁጥሩ ራሱ መርዝ ነው ማለት አይደለም። ንጹሕ አየር በበቂ መጠን እየገባ አለመሆኑን የሚጠቁም ምልክት ነው። የገባው አየር ካነሰ የሌላው ሰው ትንፋሽ፣ ከዕቃው የሚወጣው ኬሚካልና የጉንፋኑ ቫይረስም አብረው ይጠራቀማሉ።

በሃርቫርድ የተመራ በ2015 የወጣ ሙከራ 24 ሰዎችን ለስድስት ቀን በተለያየ አየር ውስጥ አሠርቷል። የትኛው ቀን የትኛው አየር እንደሆነ አልተነገራቸውም። ንጹሕ አየር በብዛት በገባባቸው ቀናት በውሳኔ አሰጣጥ ፈተና ያገኙት ውጤት ከተለመደው ቢሮ እጥፍ ሆነ። የአንድ ሙከራ ውጤት ነውና እንደ ሕግ አይወሰድ። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

አዲስ የታደሰ ቢሮ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ያ «የአዲስ ዕቃ ሽታ» የምንለው ብዙውን ጊዜ ከቀለም፣ ከማጣበቂያ፣ ከምንጣፍና ከተጨመቀ እንጨት የሚተን ኬሚካል ነው። ፎርማልዴሃይድ ከእነዚህ አንዱ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። ሲገዛ ልቀቱ ዝቅተኛ የሆነውን መምረጥ፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሰው ከመግባቱ በፊት ለቀናት አየር በብዛት ማስገባት። እድሳት ዓርብ አልቆ ሰኞ ሰው የሚገባበት ዕቅድ ይህን ቀን ይበላል።

ተክሎቹስ አየሩን አያጸዱም? ይህ ሐሳብ የተስፋፋው በ1989 ናሳ በትንንሽ ዝግ ሳጥኖች ውስጥ ከሠራው ጥናት ነው። ቢሮ ግን ዝግ ሳጥን አይደለም። በ2019 የታተመ ግምገማ እንዳሰላው አየር ማስገባት የሚሠራውን ሥራ በተክል ለመተካት በካሬ ሜትር ቢያንስ 10 ተክል ያስፈልጋል። ከዚያ መሃል ሰው የት ይቀመጣል? ተክል አስቀምጡ፤ ዓይን ያሳርፋል፣ መንፈስ ያለሰልሳል። ሮጀር ኡልሪክ በ1984 ባሳተመው ጥናት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውና በመስኮት ዛፍ የሚያዩ ታካሚዎች ግንብ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል። ስለዚህ ጥቅሙ አለ። የቬንቲሌሽን በጀት ግን በአበባ ማሰሮ አይተካ።

መስኮት ዳር ማን ይቀመጥ?

ለረጅም ዘመን መልሱ «አለቃ» ነበር። የአለቆች ክፍሎች መስኮቱን ይዘው ሌላው ሠራተኛ መሃል ላይ በመብራት ይሠራል። ዛሬ ብዙ ዲዛይነሮች ይህን ይገለብጡታል። የተዘጉት ክፍሎች ወደ መሃል፣ ክፍቱ ሥራ ወደ መስኮት።

ምክንያቱ ከማየት ያለፈ ነው። ለጠረጴዛ ሥራ የሚመከረው 500 ሉክስ ገደማ ነው፤ ሉክስ አንድ ገጽ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው። ደመና በሞላበት ቀን እንኳ ውጭ ያለው 10,000 ይደርሳል። ዓይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን ቀንና ሌሊትን ለሰውነት ሰዓት ለመንገር የሚሠሩ ሴሎች አሉ። ይህ በ2002 አካባቢ ነው በግልጽ የታወቀው። ቀኑን በድንግዝግዝ የዋለ ሰው ማታ እንቅልፉ ይቸገራል።

የመስኮት ብርሃን ግን ሩቅ አይሄድም። የሚጠቅመው ቢበዛ የመስኮቱ የላይኛው ጫፍ ከወለል ካለው ከፍታ ሁለት እጥፍ ትንሽ እስከሚበልጥ ርቀት ድረስ ነው። ስክሪን ደግሞ ለመስኮቱ ጎኑን ይስጥ። ጀርባው ወይም ፊቱ መስኮት ከሆነ ነጸብራቁ አንገት ያጣምማል።

ውድ ወንበር ጀርባን ያድናል?

ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ወንበሩ የሚስተካከል ከሆነና ሰውየው ማስተካከሉን ካወቀ ጥሩ ነው። እግር ወለል ይንካ፣ ክርን ወደ 90 ዲግሪ ይታጠፍ፣ የስክሪኑ የላይኛው ጫፍ ዓይን ጋ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ርቀቱ የክንድ ያህል ይሁን። ላፕቶፕ እነዚህን ሁሉ በአንዴ ማሟላት አይችልም። ስክሪኑ ሲስተካከል ኪቦርዱ ይሰቀላል። ስለዚህ የተለየ ኪቦርድና ማውዝ ከውድ ወንበር በፊት ይገዛ።

ከፍ ዝቅ የሚል ጠረጴዛም ጥሩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለመቆም ግን አይደለም። ሰውነት የሚጠላው መቀመጥን ብቻ ሳይሆን አለመንቀሳቀስን ነው።

የራስ ጠረጴዛ ቢቀርስ?

ከ2020 ወዲህ ይህ ጥያቄ በብዙ ድርጅቶች ተነሥቷል። ሰው ከሳምንቱ ሁለት ሦስት ቀን ከቤቱ ሲሠራ ጠረጴዛው ባዶውን ይውላል። የባዶ ጠረጴዛ ኪራይ ደግሞ ይከፈላል። ስለዚህ ቀድሞ የመጣ ይቀመጥ የሚል አሠራር መጣ።

ይህ ቀድሞም ተሞክሯል። ቻያት ዴይ የተባለው የአሜሪካ የማስታወቂያ ድርጅት በ1990ዎቹ አጋማሽ ሠራተኞቹን ጠረጴዛ ነሥቶ ላፕቶፕና ስልክ ጠዋት ጠዋት እንዲወስዱ አደረገ። ዕቃ ማስቀመጫው ትንሽ ሎከር ነበር። ሰው ወረቀቱን በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ መያዝ ጀመረ። ቦታ ለመያዝ ሽሚያ ሆነ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ነገሩ ቀረ።

በዚያው አሥር ዓመት ኔዘርላንድስ ውስጥ ኢንተርፖሊስ የተባለ የኢንሹራንስ ድርጅት ተመሳሳይ የሚመስል ነገር ሞክሮ ተሳካለት። ልዩነቱ ምን ነበር? ኢንተርፖሊስ ጠረጴዛ ከመውሰዱ በፊት በምትኩ የሚሰጠውን አዘጋጀ። ለብቻ ለማሰብ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ለሁለት ሰው ወሬ ሌላ፣ ለቡድን ሥራ ሌላ። ሠራተኛው እንደ ሥራው ቦታ ይመርጣል። በሙያው ይህ በሥራ ዓይነት ላይ የተመሠረተ ቢሮ ይባላል። አንድ ዓይነት ጠረጴዛ ደርድሮ «ተመቻቹ» ማለት ግን ይህ አይደለም። ምርጫ ሳይሰጡ ንብረት መንጠቅ ነው።

ጠረጴዛ የጋራ ከሆነ ደግሞ የሚቆለፍ በቂ ሎከር፣ በቀላሉ የሚስተካከል ወንበርና ለየቡድኑ የታወቀ ሰፈር የግድ ናቸው። አዲስ የገባ ሠራተኛ የሥራ ጓደኞቹን በየቀኑ ሊፈልጋቸው አይገባም።

ማን ይወስን?

እስካሁን ከጠቀስኳቸው ጥናቶች ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። ክሬግ ናይትና አሌክስ ሃስላም የተባሉ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ሥራ ሰዎችን በአራት ዓይነት ቢሮ አሠሩ። አንደኛው ባዶና ንጹሕ፣ ከጠረጴዛ በቀር ምንም የሌለበት ነው። ሁለተኛው በተክልና በሥዕል የተዋበ ነው። ሦስተኛው ሠራተኛው ራሱ ተክሉንና ሥዕሉን እንደፈለገ የሚያስቀምጥበት ነው። በሁለተኛው ከባዶው 17 በመቶ ገደማ የተሻለ ሥራ ተሠራ። በሦስተኛው 32 በመቶ።

አራተኛው ደስ አይልም። ሰዎቹ እንደፈለጉ ካስተካከሉ በኋላ ተመራማሪው መጥቶ መልሶ በራሱ መንገድ አደራጀው። ያ ጭማሪ ጠፋ። ተክሉም ሥዕሉም እዚያው ነበሩ። የተወሰደው ውሳኔው ብቻ ነው። ከላይ የመጣ ያማረ ዲዛይን ሠራተኛውን ለምን እንደማያስደስተው ከዚህ በላይ አጥርቶ የሚያሳይ አላውቅም።

እድሳቱ ከየት ይጀመር?

ከካታሎግ አይጀመር። ለሁለት ሦስት ሳምንት ቢሮውን ማየት ነው። የትኛው ክፍል ባዶ ይውላል? የትኛው ይሻማበታል? አሥር ሰው በሚይዘው ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚገባው? ብዙ ቢሮዎች የሚጎድላቸው ሁለት ሦስት ሰው የሚይዝ ትንሽ ክፍልና የስልክ መነጋገሪያ ነው፤ ያላቸው ደግሞ ትልቅ አዳራሽ ነው። በቪዲዮ የሚገናኝ ሰው ከበዛ ትንንሾቹ ክፍሎች ይበልጥ ያስፈልጋሉ።

ቀጥሎ መጠየቅ። «ምን ትፈልጋላችሁ?» ሲባል ሰው ሶፋ ይላል። «ትናንት ሥራህን ያስተጓጎለህ ምን ነበር?» ሲባል ግን እውነቱ ይወጣል። ጥያቄው የጽዳት ሠራተኛዋንና የእንግዳ መቀበያውን ሰው ካልደረሰ ጎዶሎ ነው። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ቢሮው ውስጥ ዛሬ ባይኖርም መተላለፊያው ለእሱ ይታሰብ፤ ለመዞር 1.5 ሜትር ያህል ክብ ቦታ ይፈልጋል። ይህ ግድግዳ ከቆመ በኋላ የሚታረም አይደለም።

ገንዘቡ ሲመደብም ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ያስፈልጋል። ኮርኒስ፣ አየርና የፀሐይ መጋረጃ መጀመሪያ፤ ቀለምና ሶፋ በመጨረሻ። የመጀመሪያዎቹ ሰው ከገባ በኋላ ለመለወጥ ወለሉን ሁሉ ማፍረስ ይጠይቃሉ። ሶፋ ግን በማንኛውም ቀን ይገባል። «ብዙ ወጪ ነው» ለሚል የሒሳብ ክፍል የሚቀርብ አንድ የታወቀ የሙያ ግምት አለ። ድርጅት ለመብራትና ለውሃ 3 ካወጣ ለኪራይ 30፣ ለሠራተኛ ደሞዝ ደግሞ 300 ያወጣል። ከ3ቱ ላይ ለመቆጠብ ሲባል 300ውን ማፍዘዝ አያዋጣም።

ሁሉን በአንዴ አለማደስም ይቻላል። አንድ ጥግ ተመርጦ አንድ ቡድን ለሁለት ወር ይሞክረው። ያልሠራው እዚያው ይቅር፤ የሠራው ወደ ቀረው ወለል ይሂድ።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ደግሞ የመጨረሻው ሥራ ነው። ሰው ከገባ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ መለካትና መጠየቅ። የዕለተ ምርቃቱ ደስታ በዚያን ጊዜ በርዷል፤ የማይሠራውም በር ታውቋል። ለዚያ ጊዜ ከበጀቱ ትንሽ ተቀንሶ ካልተቀመጠ ግን ችግሩን ማወቅ ብቻውን የተዘጋውን መስኮት አይከፍተውም።